በደሏ ስለ ተከፋፈለባት ሴት

ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳ ንጽሕና፣ ስለ ባልና ሚስት ስምምነት በየጊዜው ይጻፋል። እኔ ዛሬ የማቀርብላችሁ ነገር የሕግ ነገር ነው። ዳሩ ግን ከቤተሰብ ነገር የራቀ አይደለም፤ የሚጀምረውም ከጓዳ ነውና።

ሕግ ሴትን ሴት በመሆንዋ እንዳትበደል ይጠብቃታል። ሕግ ደግሞ ሰውን በዘሩ፣ በትውልዱ ወይም በወገኑ ምክንያት እንዳይናቅ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ሴትም የሆነች፣ ወገንዋም የተናቀባት፣ ከዚህም በላይ ድኃ የሆነች አንዲት ሰው ብትኖር ሕጉ እንዴት አድርጎ ይጠብቃታል? ብዙ ሰው ሲጠየቅ «ሁለት ጥበቃ ያላት ሰው በእጥፍ ተጠበቀች» ብሎ ይመልሳል። ነገሩ በወረቀት ላይ እንዲህ ይመስላል፤ በችሎት ፊት ግን ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይታያል። ሁለት በደል ያለባት ሴት ከሁለቱም መዝገብ ወጥታ በመካከል ትቀራለች።

ይህን የምለው ዳኛ ወይም ጠበቃ ሆኜ አይደለም። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬ ከአርባ አልፏል፤ ፊደል የቈጠርሁት በቤተ ክርስቲያን ነው። ዳዊት ከደገምሁ በኋላ ጥቂት ጊዜ በቅኔ ቤት፣ ከዚያም ያነሰ ጊዜ በትርጓሜ ቤት ቈይቼ ነበር፤ ኋላም በሚስዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ተማርሁ። ስለዚህ የውጭ አገር ፍርድ እጄ ሲገባ በትዕግሥት አነበዋለሁ። የውጭውን ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አቈጣጠር እጽፋለሁና አንባቢ እንዳይደናገር አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በአሜሪካ አገር በሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ፣ ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ታላቅ የአውቶሞቢል ኩባንያ ፋብሪካ ነበረው። በ1964 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ አሠሪ በዘርም በፆታም ምክንያት በሠራተኛ መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ከለከለ። ከዚያ በፊት ኩባንያው ጥቁር ወንዶችን ለፋብሪካ ሥራ፣ ነጭ ሴቶችን ለቢሮ ሥራ ይቀጥር ነበር፤ ጥቁር ሴቶች ግን በሩ ተዘግቶባቸው ኖረ። በ1970 ገደማ በሩ ተከፈተላቸውና ገቡ። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ንግድ ቀዘቀዘ፤ ኩባንያውም መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይውጣ በሚለው የሥራ ዘመን ደንብ ሠራተኛ ቀነሰ። መጨረሻ የገቡት እነማን እንደ ነበሩ አንባቢ ያውቃል፤ ቀድመው እንዳይገቡ የተከለከሉት እነርሱ ናቸው።

አምስት ጥቁር ሴቶች ከሰሱ። ፍርድ ቤቱም በ1976 ፍርድ ሰጠ። ሴት በመሆናችሁ ተበደልን ብትሉ ኩባንያው ከ1964 በፊትም ሴቶች ይቀጥር ነበር፤ ስለዚህ የፆታ ልዩነት አልተደረገም አላቸው። ሴቶቹ የተባሉት ነጮቹ መሆናቸው ነው። ጥቁር በመሆናችሁ ተበደልን ብትሉ ደግሞ በዚሁ ኩባንያ ላይ የተከፈተ ሌላ የዘር ክስ አለና መዝገባችሁ ከእርሱ ጋር ይጣመር አላቸው። እነርሱ ግን የኛ ነገር የጥቁር ወንዶች ነገር አይደለም፤ እኛ የምንከሰው ጥቁርም ሴትም በመሆናችን ስለ ደረሰብን ነገር ነው ብለው ነበር። ፍርድ ቤቱም ሕጉ ሁለቱን አጣምሮ አዲስ መድኃኒት ለመስጠት የታሰበ አይደለም ብሎ ዘጋባቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1977 ይህን የዘርና የፆታ ምክንያት ሙሉ በሙሉ እንደማይቀበለው ተናገረ፤ ነገር ግን የሥራ ዘመኑ ደንብ ሕጋዊ ነው ተብሎ ኩባንያው ዳነ።

መዝገብ ማጣመር የኔ የዕለት ሥራ ነው። ሁለት መዝገብ የሚጣመረው ተከራካሪዎቹና የነገሩ ሥር አንድ ሲሆን ነው። እዚህ ላይ ግን የሴቶቹ ነገር ከሚመስለው እንጂ ከሆነው ጋር ሊጣመር አልነበረም። ይህን ፍርድ ባነበብሁ ጊዜ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ በሁለት ቀለም የተለዩ ክፍሎች ታዩኝ፤ በመካከላቸውም አንድ ፋይል ወደ ወለል ሲወድቅ ታየኝ።

በ1980 በቴክሳስ ከሒዩስተን የመጣ የአንዲት ጥቁር ሴት ክስ ለሌላ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ያ ፍርድ ቤት ጥቁር ወንዶች ባይበደሉም፣ ነጭ ሴቶች ባይበደሉም፣ ጥቁር ሴቶች ለብቻቸው ሊበደሉ ይችላሉ ብሎ ወሰነ። በ1989 ደግሞ ኪምበርሌ ክሬንሾ የተባሉ የሕግ መምህርት የሴንት ሉዊሱን ፍርድ መርምረው በጻፉት ጽሑፍ ነገሩን በመስቀለኛ መንገድ መሰሉት። በመስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመን ሰው ከአንዱ ወገን የመጣ መኪና ይገጨዋል፤ ከሌላው ወገን የመጣውም ይገጨዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ይመጣበታል። በየትኛው መኪና እንደ ቈሰለ ካልለየህ አናክምህም ቢሉት ምን ይመልሳል? ከዚህ ወዲህ ይህ አስተሳሰብ በብዙ አገር የሕግ ትምህርት ገብቷል።

ለእኔስ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። በትርጓሜ ቤት የኔታ አንዱን ንባብ ሲተረጕሙ «አንድም» እያሉ ነበር። አንዱን ፍች ከሰጡ በኋላ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን፣ ደግሞ «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ይሰጣሉ። ሁለተኛው ሲመጣ የፊተኛው አይሻርም፤ ሁሉም በአንዱ ቃል ላይ አብረው ይቆማሉ። የሴንት ሉዊስ ፍርድ ቤት ሕጉን ያነበበው «ወይም» እያለ ነው፤ ወይ ዘር ወይ ፆታ። ሴቶቹ የለመኑት «አንድም» ተብሎ እንዲነበብላቸው ነበር።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ወጣት ወደ መዝገብ ቤት መስኮት መጣች። የቤት ሠራተኛ ነበረች። ከደቡብ ምዕራብ ወገን የመጣች ስለ ሆነች አማርኛዋ የተሰባበረ ነበር፤ የአገርዋ ልጅ የሆነ የቀን ሠራተኛ አብሮ መጥቶ ያስተረጕምላት ነበር። ነገርዋ እንዲህ ነው። ወደ ቤቱ ስትገባ እመቤቲቱ በመልካም ተቀበሉአት። ሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ የአገሯ ሰው መጥቶ ወላጆችዋ ሸክላ ሠሪዎች እንደ ሆኑ ተናገረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጽዋዋ ተለየ፤ ሊጥ አትንኪ ተባለች፤ ሕፃኑን አትዪው፣ ዓይንሽ ክፉ ነው ተባለች። ይህንንም ሁሉ እያሉ አላሰናበቱአትም፤ ልብስ ማጠቡና ውኃ መቅዳቱ ቀጠለ፤ ደመወዙ ግን ቆመ። የቤቱ ትልቅ ልጅ ደግሞ በሌሊት ወደምትተኛበት ማድ ቤት መምጣት ጀመረ። ብትጮኽ ማን ያምናታል? «ቡዳ ናት» ተብላለችና ቃልዋ አስቀድሞ ተወስዶባታል። ይህን ነገር በደንብ እንድታስተውሉልኝ እለምናለሁ። ልጁ ማድ ቤት የገባው እርስዋን የሚያምን እንደሌለ ስላወቀ ነው። ደመወዙም የቆመው ወዴትም ልትሄድ አትችልም ተብሎ ነው። አንዱ በደል ሌላውን እየወለደ የሄደ ነውና ከፋፍሎ መቍጠር አይቻልም።

እኔ ግን ሥራዬ መከፋፈል ነው። ደመወዙ ወደ ፍትሐ ብሔር፣ የልጁ ነገር ወደ ፖሊስና ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ ስድቡ በወንጀል ሕጉ በ615 አንቀጽ በተበዳይ አቤቱታ የሚታይ ነው ብዬ ነገርኋት። አስተርጓሚው ነገራት፤ እርስዋም ጥቂት ዝም ብላ በራስዋ አማርኛ «ጋሼ፣ እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ስንት ቦታ ልሂድ?» አለችኝ።

ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። የፋብሪካ ወይም የሱቅ ሠራተኛ ደመወዙ ቢቀርበት ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳል፤ የዳኝነት ገንዘብም አይጠየቅም። በሥራ ላይ ቢጎዳ የጉዳት ካሣ በአዋጁ ተጽፎለታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ግን፣ ከእርሱ በፊት እንደ ነበሩት አዋጆች ሁሉ፣ በሰው ቤት የሚሠራውን የግል አገልግሎት ቅጥር ከወሰኑ ውጪ አድርጎታል፤ ስለዚህ ሥራ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ይላል። ስለዚህ ልጅቱ ወደ ተራው ፍትሐ ብሔር ችሎት ሄደች። የዳኝነት ገንዘብ ስለሌላት በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እንደሚፈቅደው በደኃ ደንብ ልትከስ አመለከተች። በደኃ ደንብ ለመክሰስ ድኃ መሆንን ማስረዳት ያስፈልጋል። ቋንቋውን ለማታውቅ፣ የቀበሌ መታወቂያ ለሌላት፣ ከጌቶችዋ በቀር የሚያውቃት ለሌላት ሴት ድኃ መሆንን ማስረዳት ራሱ ሥራ ነው። ወራት ፈጀ። በመጨረሻ የጥቂት ወር ደመወዝ ተፈረደላት፤ የቀረው ወረቀት ስላልነበረው ሳይረጋገጥ ቀረ። ወደ ፖሊስ አልሄደችም። ስድቡማ ከመስኮቴ ሳያልፍ ቀረ።

ስለ ስድብ ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከልክለው ነበር። ብረት ሠሪውም፣ ሸማኔውም፣ ገበሬውም፣ ነጋዴውም በየሥራው መሰደቡ በአዋጁ ተነሥቷል። እኔን ደስ የሚለኝ ጸሐፊውም ጠንቋይ እየተባለ መሰደቡ አብሮ መነሣቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የኛ ሙያ ክብር አገኘ፤ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ግን ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ እስካሁን ጽዋዋ ይለያል።

የቤት ሠራተኛ ከሠራተኛ ሕግ ውጪ መሆንዋ የኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ብዙ እኅቶቻችን ለሥራ የሄዱበት የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 ዓ.ም. ሲወጣ በግል ቤት የሚያገለግሉትን በሰባተኛው አንቀጽ ከጥበቃው አውጥቷል። በዚያ አገር ያለች ኢትዮጵያዊት ሴት ናት፣ ጥቁር ናት፣ የውጭ ሰው ናት፣ ገረድ ናት፤ ፈቃድዋም በአሠሪዋ ስም የታሰረ ነው። ከእነዚህ በየትኛው ምክንያት ተበደልሽ ብሎ የሚጠይቃት ሰው መልስ አያገኝም።

አሁን ደግሞ ነገሩ ሊቃና እንደሚችል የሚያሳየውን ላቅርብ። በደቡብ አፍሪቃ፣ በፕሪቶሪያ ከተማ፣ አንዲት ሴት በአንድ ቤት 22 ዓመት አገለገለች። ዓይንዋ ደክሞ ነበር፤ ዋናም አታውቅም። በመጋቢት ወር 2012 መስኮት ስታጥብ ሳለች ከግቢው የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ወድቃ ሞተች። በእርስዋ እጅ ትተዳደር የነበረች ልጅዋ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄዳ የጉዳት ካሣ ጠየቀች። ካሣ የለሽም ተባለች፤ በ1993 የወጣው የሥራ ጉዳት ካሣ ሕግ ሠራተኛ ማለት ማን እንደ ሆነ ሲተረጕም በግል ቤት የሚሠራውን አውጥቶት ነበርና። የቤት ሠራተኞች ማኅበርም ከልጅቱ ጋር ቆመ። የፕሪቶሪያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2019 አንቀጹ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል አለ፤ እንዲህ ያለ ፍርድ ግን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ካላጸናው አይሠራምና ነገሩ ወደ ጆሃንስበርግ ሄደ። ያ ፍርድ ቤት የተሠራው በአሮጌ እሥር ቤት ቦታ ላይ ነው፤ ከፈረሰው እሥር ቤት ጡብም ተወስዶ ለችሎቱ ሕንጻ ሆኖአል። የሴቶች ወኅኒ ቤት የነበረውም በዚያው ግቢ ይታያል።

ኅዳር 19 ቀን 2020 ፍርዱ ተነበበ። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ማርጋሬት ቪክቶር ነገሩን ሲመረምሩ በወንድና በሴት መካከል ብቻ አልመዘኑትም፤ በጥቁርና በነጭ መካከል ብቻም አልመዘኑትም። የቤት ሠራተኛ ማን ናት ብለው ጠየቁ። ጥቁር ናት፣ ሴት ናት፣ ድኃ ናት፣ በቀድሞው የዘር መለያየት ዘመን ከዚህ ሥራ በቀር ሌላ በር ያልተከፈተላት ናት። እነዚህን በአንድ ላይ ካላየን በደሉን አናየውም አሉ። የሚደገፉበትም ቃል በሕገ መንግሥታቸው በዘጠነኛው አንቀጽ ነበር። እዚያ ላይ መንግሥት ሰውን «በአንድ ወይም ከአንድ በሚበልጥ ምክንያት» ለይቶ እንዳይበድል ተጽፎአል። ይህን ቃል የጨመረውን ሰው አላውቀውም፤ ጥሩ ጸሐፊ ግን ነበር። ፍርድ ቤቱ አንቀጹን ከመሻሩም በላይ ሽረቱ ወደ ኋላ እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1994 ድረስ ይሥራ አለ። በዚህም ምክንያት ከብዙ ዓመት በፊት በሰው ጓዳ የተጐዱት ሁሉ፣ የሞቱትም ወራሾቻቸው፣ ካሣ መጠየቅ ቻሉ።

በአገራችን ሕገ መንግሥት፣ በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው፣ በ25ኛው አንቀጽ ሰው በዘር፣ በቀለም፣ በፆታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በማኅበራዊ አመጣጥ፣ በሀብት፣ በትውልድና በሌላም አቋም እንዳይለይ ተጽፏል። ማኅበራዊ አመጣጥና ትውልድ የተባለው የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ያገኛታል፤ ሀብት የተባለው ድኃዪቱን፣ ቋንቋ የተባለው ባለ ተሰባባሪ አማርኛዋን፣ ፆታ የተባለው ሴቲቱን ያገኛታል። ዝርዝሩ የተያያዘበት ቃል ግን «ወይም» ነው። እኔ በበኩሌ ይህ «ወይም» ለመለያየት የተጻፈ ነው ብዬ አላምንም። በ35ኛው አንቀጽ ሴቶች ያለፈው ዘመን ካወረሳቸው በደል የተነሣ ልዩ ድጋፍ እንዲደረግላቸው፣ ጎጂ ልማድም እንዲቀርላቸው ተደንግጓልና፤ ያን አንቀጽ ከ25ኛው ጋር አብሮ ያነበበ ዳኛ ጽዋዋ የተለየባትን ሴት በአንድ ዓይን ሊያያት ይችላል። በ37ኛው አንቀጽ ደግሞ ማኅበር ስለ አባሎቹ ሊከስ እንዲችል ተፈቅዷል፤ በደቡብ አፍሪቃ የቤት ሠራተኞቹ ማኅበር ያደረገውን የመሰለ ነገር እዚህም መንገድ አለው ማለት ነው። ከወንጀል ሕጋችን እኔ የማደንቀው 625ኛውን አንቀጽ ነው። ይህ አንቀጽ የሴትን ችግር ወይም በሰው እጅ መሆንዋን ተጠቅሞ የሚደፍራትን ይቀጣል። እዚህ ላይ ሕግ አውጪው ሁለት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አይቷል፤ ሴትነትዋንና ጥገኝነትዋን። ያቺ ልጅ ወደ ፖሊስ ብትሄድ ኖሮ የሚነሣላት አንቀጽ ይህ ነበር።

ሕግ እስኪሻሻል፣ ደንብም እስኪሟላ ድረስ በቤት የሚደረግ ነገር አለ። የቤት እመቤቶችም አባወራዎችም ይህን ልብ ብለው ያንብቡ። አንድ ነጠላ ወረቀት ይበቃል። በላዩ የሠራተኛዋ ሙሉ ስምና የመጣችበት አገር፣ ሥራ የጀመረችበት ቀን፣ የወር ደመወዝዋ መጠንና የሚከፈልበት ቀን፣ የዕረፍት ቀንዋ፣ የምትተኛበት ክፍልና በሩ ከውስጥ የሚዘጋ መሆኑ ይጻፍ። ፊደል የማታውቅ ብትሆን በምታውቀው ቋንቋ ይነበብላት፤ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ምስክር ይፈርም። ደመወዝ በተከፈለ ቍጥር ከወረቀቱ ጀርባ ቀኑና ገንዘቡ ይጻፍ፤ ጣትዋንም ታሳርፍበት። ወረቀቱ ሁለት ይሁን። አንዱ በቤቱ ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ግን ከቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ሳይሆን በእርስዋ እጅ፣ ወይም ከግቢው ውጪ በምታምነው ዘመድዋ ዘንድ ይሁን። ወደ እኔ መስኮት የምትመጣበት ቀን ቢያጋጥም አስቀድሜ የምጠይቃት ያን ወረቀት ነው።